በርጩማ ላይ የተቀመጡት ዱሼስ

ፓሪስ፣ የሰብአ ሰገል በዓል ማግስት፣ 1736

ለምወድሽ ልጄ ለአጋት፦

እንዴት ከረምሽ የኔ ዓለም? ባልሽ ላምበርስ እንዴት ነው? ትንሹ ፊርመንስ አደገ? የናንተን አገር ብርድ ሳስበው እዚህ እሳት ዳር ተቀምጬ እንኳ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። የልጁን ደረት ሸፍኚ። ላምበርም ቢሆን ያው ልጅ ነው፤ እሱንም ሸፍኚው። የላክሽልኝ የሱፍ ጓንት ደርሶኛል፤ በጣም ስለሞቀኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አላወልቀውም፣ ቄሱ በዓይኑ ቢገረምመኝም።

እኛ ደህና ነን። ይህን ለደብዳቤ ወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። ካለፉት ወራት በኋላ “ደህና ነን” ብዬ መጻፍ መቻሌ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ትናንት ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሰው እንቅልፍ ወሰደኝ። ጧት ስነቃ አባትሽ ታች ሆኖ ሲያፏጭ ሰማሁት። ሲያፏጭ! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያን ፉጨት ሰምቼው አላውቅም።

በመኸር የጻፍሽልኝ ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። የላምበር ሥራ በስዊድን ንጉሥ ቤተ መንግሥት በጸደይ እንደሚያልቅ፣ አገራችሁ መመለስ እንደምትፈልጉ፣ ግን አባትሽ በራሱ አፍ “ትምጣ” ካላለ ደጃፉን እንደማትረግጪ ነግረሽኛል። አልፈርድብሽም። የሄድሽ ቀን “ከዚያ እንጨት ጠራቢ ጋር ከወጣሽ አባት የለሽም” ያለሽ እሱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ሁለታችሁም እዚያው እንደ ቆማችሁ ቀራችሁ። ደብዳቤሽን በሽርጤ ኪስ ይዤ ደህና ጊዜ ስጠብቅ ከረምኩ። አባትሽን ታውቂው የለ? ሥዕል ሳይጨርስ እሱን ከማናገር ግድግዳ ማናገር ይሻላል። “ይሄን ሥዕል ያስረክብና እጠይቀዋለሁ” አልኩ። መልሱ ከታች አለልሽ። ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ። እኔ ይህን ሁሉ ስንገላታ ከርሜ አንቺ በአንድ ጊዜ ልታርፊ?

ሥዕሉ የቮሞን ቤት ሥዕል ነው። የመስፍኑ ሚስት፣ ትንሿ ዱሼስ፣ ባለፈው ግንቦት አባትሽን አስጠርተው፣ ከሰዓት በኋላ ወዳጆቻቸው ተሰብስበው መጽሐፍ ሲነበብላቸው የሚያሳይ ሥዕል ሥራልኝ አሉት። ሥራ የሌላቸውን ሰዎች መሣል ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። አባትሽ የየሰዉን ፊት እቤታቸው እየሄደ በየተራ በጠመኔ ነደፈ። አንዱ ያዛጋል፣ አንዷ ትወራጫለች፣ አንዱ ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዶት አፉን ከፍቶ ተነደፈ። ቀሚሶቹ ግን እንደ ድሮው እኛ ቤት መጥተው ከረሙ።

ድሮ ቀሚሶቹን የምትለብሽለት አንቺ ነበርሽ። አሁን የምትለብሳቸው እሜቴ እንጨት ናት። አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከአንድ ሟች ሠዓሊ ቤት የገዛት፣ ቁመቷ የሰው ቁመት የሆነ የእንጨት ሴት ናት። እጇ ይታጠፋል፣ አንገቷ ይዞራል፣ አትናገርም፤ አባትሽ ይህን የመጨረሻውን እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሮላታል። ችግሯ የዳሌዋ መጋጠሚያ መላላቱ ነው። በርጩማ ላይ ሲያስቀምጧት ወደ ጎን ትዘማለች። አንድ ቀን የአንዲት ባላባት ወይዘሮ ቀሚስ ለብሳ በአፍንጫዋ ተደፍታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ደረጃውን ሞላው። ደልደል ብላ የምትቀመጠው በዚያ በኛው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ብቻ ነው።

ደግሞ አባትሽ ሲሠራ ሰው አያይም፤ የሚያየው ቀለም ነው። አምስት ወር ሙሉ እኛ ቤት ዱሼስ የሚባል አልነበረም። “ቢጫዋ”፣ “ግራጫዋ”፣ “ሰማያዊዋ” ነበሩ። “ቢጫዋ መሀል ካልተቀመጠች ሸራው ይሞትብኛል” ይላል። “ግራጫዋ ዝቅ ትበል፣ መስኮቱን ጋረደችብኝ” ይላል። እኔም አዋቂ ነኝና “እውነትህን ነው፣ ዝቅ ትበል” እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቢጫዋ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተንሰራፍታ ተቀመጠች፤ ግራጫዋ በርጩማ ላይ ዝቅ አለች፤ ሌሎቹ ምድጃውንም ክላቭሳን የሚሉትን የሙዚቃ ሣጥንም ተደግፈው ዙሪያቸውን ቆሙ። አቤት ሲያምር! ያ ቢጫ ሐር በመስኮቱ በሚገባው የግንቦት ብርሃን ሲያበራ፣ ብትነኪው የሚንኮሻኮሽ ነው የሚመስለው።

አሁን ቢጫዋ ማን እንደሆነች ልንገርሽ። ሲዶኒ ትባላለች። ከገጠር የመጣች የሩቅ ዘመድ ናት፤ ለትልቋ ዱሼስ መጽሐፍ ታነባለች፤ ቀሚሷም የትንሿ ዱሼስ አሮጌ ተገልብጦ የተሰፋላት ነው። ግራጫዋስ? ግራጫዋ ራሳቸው ትልቋ ዱሼስ ናቸው። የመስፍኑ እናት፣ የሰባ አምስት ዓመት አሮጊት፣ ዛሬም የዚያ ቤት አዛዥ ናዛዥ።

ይኸው ፊትሽን በእጅሽ ስትይዢ ታየኝ። በነዚያ ሰዎች ቤት ማን ምን ላይ እንደሚቀመጥ ከጾምና ከጸሎት ይበልጥ የሚጠበቅ ነገር ነው። ባለ መደገፊያው ለማን፣ መደገፊያ የሌለው ለማን፣ በርጩማው ለማን፣ መቆሙ ለማን፤ ሰው እንዲህ ነው የሚመዘነው። አባትሽ ሠላሳ ዓመት እነሱን ሲሥል የኖረ ሰው ነው፤ ተኝቶም ያውቀዋል። ግን አላየውም። እኔም አላየሁትም። ከእኛ ቤት የወጣው ቢጫና ግራጫ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ሰው ሆነ።

ሥዕሉን የወሰድነው በኅዳር ነው። እኔም መሸፈኛውን አጥፋለሁ ብዬ ተከተልኩ፤ መቼም ምስጋናውን ለመስማት መሆኑ አንቺን አይጠፋሽም። ጨርቁ ሲገፈፍ ትንሿ ዱሼስ እጃቸውን አጨበጨቡ። “ውሻዬን እዩልኝ! አሁን ሊነክስ ነው እኮ የሚመስለው!” አሉ። እንግዶቹም እየተጠጉ እያንዳንዱ ራሱን ፈለገ፤ ራሱን ያገኘ ሁሉ ፈገግ አለ። ከዚያ ትልቋ ዱሼስ በከዘራቸው መንገድ እያስለቀቁ መጡ። መነጽራቸውን አነሡ። ወደ ሸራው ተጠጉ። አፍጥጠው ሲቆዩ ሌሎቹም እሳቸው ያዩትን ማየት ጀመሩ፤ ፈገግታው ከየፊቱ ሲረግፍ አየሁ።

“ይቺ በርጩማ ላይ ያለች አሮጊት ማን ናት?” አሉ።

በከዘራቸው ወደ አባትሽ ጠቆሙ።

“አንተ ሠዓሊ፣ አንተን እኮ ነው! ከወጥ ቤት የመጣች ናት?”

“እርስዎ ነዎት፣ ክብርት እመቤቴ” አለ አባትሽ።

“እኔ! እዚያ ወንበር ላይ የተዘረጋችውስ?”

“ማድሞዋዜል ሲዶኒ ናት።”

“እሷ በወንበሬ፣ እኔ በእግሯ ሥር። ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?”

“ብርሃኑ ነው እመቤቴ… ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን…”

“ብርሃኑ ነው ከወንበሬ ያስነሣኝ?”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። አሮጊቷ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። “ስማኝ! ዱሼስ በርጩማ ላይ የምትቀመጥበት ቦታ በዚህ ምድር አንድ ብቻ ነው፤ ንግሥት ፊት! እኔ በርጩማ ላይ ካለሁ ንግሥቲቱ የታለች? አሳየኛ! ንግሥቲቱን አሳየኝ!”

ሲዶኒ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከንፈሯ ሳይቀር ነጣ። “እመቤቴ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እኔ አስቀምጠኝ አላልኩትም” አለች።

“አንቺን ማን ጠየቀሽ? የሰብአ ሰገል በዓል ይለፍና ወደ እናትሽ ነው፤ ዕቃሽን ሰብስቢ።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል ይህ ነው። አባትሽ ብርሃኑን አድናለሁ ብሎ ራሱንም ያችን ምስኪን ልጅም ጣለ። ሥዕሉ በዚያው ቀን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተመልሶ ደጃፋችን ላይ ቆመ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኛ ጆሮ ግን ምንም አላመለጠውም። በሳምንት ውስጥ ሥዕል ያዘዙ ሁለት ቤቶች “ለጊዜው ይቆየን” ብለው ላኩ። የሥዕል ክፈፍ የሚሠራልን ማቱረን እንኳ በር ላይ ቆሞ አባትሽን፣ “ኢሌር፣ ሹመት መስጠት ጀመርክ አሉ! ለኔም አንድ ወንበር ጣል አድርግልኝ፣ ወገቤን ያመኛል” አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባትሽ ያገኘውን አንሥቶ ይወረውርበት ነበር። ያን ዕለት ግን ደረጃውን ወጥቶ ተኛ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ። ማቱረንም ደንግጦ በማግስቱ አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞ መጣ፤ አባትሽ አልነካውም። ሾርባ ይዤለት ስወጣ “አስቀምጪው” ይለኛል፤ እንዳለ ቀዝቅዞ እመልሰዋለሁ።

“ወንበሮቹን ለዋውጠህ ሥራውና ይለቅ” አልኩት።

“ቢጫው ከመሀል ከወጣ ሥዕል የለም። ግራጫዋን ከፍ ካደረግኋት መስኮት የለም። ምኑን ነው የምሠራው?” አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ “ወደ ድልድዩ እመለሳለሁ” አለኝ።

የኖትርዳምን ድልድይ ሱቆች መቼም አልረሳሻቸውም። ቅዱሳን በደርዘን የሚሣሉበት፣ አንዱ ጺም ብቻ፣ አንዱ ሰማይ ብቻ፣ አንዱ እጅ ብቻ ሲሠራ የሚውልበት ቦታ። አባትሽ የወጣትነት ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ የቅዱስ ኒኮላስን ጺም ሲሠራ ነው። አሁን ስልሳ ሊሞላው ነው። “ግን ጺሙንስ ይሰጡኛል ብለሽ ነው?” አለኝ፣ ወደ ግድግዳው እንደ ዞረ። ልቤ ተሰበረ ልጄ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ደብዳቤሽ ያው በኪሴ ነው። በዚያ ሁኔታ ያለን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው? አንድ ጊዜ “አይሆንም” ካለ አይሆንም ሆኖ ይቀራል፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እንዲህ በጨለመበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ምን ይላል? እንዳልጠይቀው ፈራሁ፤ እንዳልተወው አንቺ እዚያ ትጠብቂያለሽ። ቅድስት ጄኔቪዬቭ ዘንድ ሄጄ ሻማ አበራሁ። ስለ ሥዕሉ ብቻ የጸለይኩ እንዳይመስልሽ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። አንድ ቀን ጧት መኝታ ቤቱን ስጠርግ ያ ጀርባው አናደደኝ። ትዕግሥቴ አለቀ። “እስከ መቼ ነው?” አልኩት። “አንዲት አሮጊት ተቆጣችህ ተብሎ ሰው በቁሙ ይቀበራል? ምን አሉህ እስቲ? ምን አሉህ?” ብዬ አልጋው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩና፣ አፍንጫዬን አንጠልጥዬ፣ መጥረጊያውን እንደ ከዘራ ወለሉ ላይ መታሁት። “ንግሥቲቱ የታለች? አሳየኛ! ንግሥቲቱን አሳየኝ!”

አባትሽ ዞረ። “ምን አልሽ?”

“እኔ ምን አልኩ? እሳቸው ናቸው ያሉት።”

“እስቲ ድገሚው።”

ደገምኩለት። የሌሊት ቆቡ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ ከአልጋው ቀና አለ። “የሰብአ ሰገል በዓል መቼ ነው?” አለ።

“ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ምነው፣ ባቄላ የተደበቀበት ኬክ አማረህ?”

“አጋት ባቄላዋ ስትደርሳት የት ነበር የምትቀመጠው?”

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ስምሽን ነው የጠራው ልጄ። ከሄድሽ ጀምሮ “እሷ” ብሎሽ እንኳ አያውቅም። በጣም ሲቸግረው “ያኔ” ይላል፤ “ያኔ ቀለም በወጉ ይፈጭ ነበር” እያለ።

“ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ነዋ” አልኩ፣ መጥረጊያውን እያነሣሁ። “አንተ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ‘ግርማዊት ሆይ፣ ይጠጡ’ እያልክ ትቀዳላት ነበር።”

“ለሲዶኒ ባቄላዋ ደረሰቻት” አለ። “አለቀ! በዚያን ቀን ባቄላዋ ከኬኩ ውስጥ የወጣችለት ሰው ገረድም ቢሆን ይነግሣል። መስፍኑም ሳይቀር ተነሥቶ እጅ ይነሣዋል። ይቺ አሮጊት ንግሥት ነው የፈለገችው? አሳያታለሁ!” ይህን እያለ እግሩን ከአልጋ አወረደ፤ “ሾርባ የለም እንዴ በዚህ ቤት?” ብሎም ጮኸብኝ። ጩኸት እንደዚያን ቀን ጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ የተልባ ዘይት ሸተተ። ሲዶኒ ጭን ላይ የነበረውን መጽሐፍ ፋቀና በቦታው ሳህን አደረገ፤ በሳህኑ ላይ ቁራሽ ኬክ፣ በኬኩ ጫፍ ላይ አንዲት ባቄላ። ጠጉሯ ላይ በወርቅ የተቀባ የወረቀት ዘውድ ደፋላት። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ጽጌረዳዎች ኬክ ሆኑ። ለትልቋ ዱሼስ ብርጭቆ አስጨበጣቸው። የከበደው ከመስኮቱ ውጭ ያለው ግንቦት ነበር። ያን ሁሉ ለምለም ዛፍ ቅጠል በቅጠል አራገፈው፤ በረዶ አለበሰው፤ እያራገፈም “ይቅር በይኝ እናቴ፣ ይቅር በይኝ” ይላት ነበር ዛፏን። ቀለሙ በዚያ እርጥብ አየር አልደርቅ ብሎ ሸራውን እሳት ዳር አቁመን እንደ በሽተኛ በተራ ጠበቅነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለሱ ግን እንዳትነግሪው። አንድ ከሰዓት በኋላ እሳቱን እየቆሰቆስኩ ቀና ስል ያችን ቢጫዋን ከቅርብ አየኋት። ሲዶኒ እግዜር ይባርካትና አንገቷ አጭር ነው፤ ትከሻዋ ውስጥ የገባ። የሥዕሏ አንገት ግን ረዥም ነው፤ ወደ ግራ ዘንበል ያለ፣ ከማጅራቱ ላይ አልሰበሰብ ያለች አንዲት ዘለላ ጠጉር የወረደችበት። ያችን ዘለላ ስንት ዓመት በማበጠሪያ ስታገላት ኖሬያለሁ፤ የማን እንደሆነች አላጣትም። ደግሞ አሰብኩት፤ እሜቴ እንጨት በርጩማ ላይ ብትዘም በገመድ ትታሰራለች። ለሌሎች ሥዕሎች ሲያስራት በዓይኔ አይቻለሁ። “ምነው ለቢጫዋ ሲሆን ሳታስራት በአጋት ወንበር ላይ አስቀመጥካት?” ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እሳቱን መቆስቆሴን ቀጠልኩ።

ትናንት በበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ ሥዕሉን ይዘን ሄድን። የቤቱ መጋቢ ከበር ሊመልሰን ነበር፤ ትንሿ ዱሼስ ሰምተው ወጡ። “ግቡ፤ ግን አማቴን ብታስቆጣቸው እኔ አላውቅህም” አሉት። አዳራሹ በእንግዳ ተሞልቷል። አባትሽ ጨርቁን ገፈፈ። ትልቋ ዱሼስ መነጽራቸውን አነሡ።

“አሁንም በርጩማ ላይ ነኝ” አሉ።

“አዎን እመቤቴ።” አባትሽ ጎንበስ አለ። “ንግሥቲቱን አሳየኝ ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ ባቄላዋ ደርሳት ነግሣለች። በንግሥቲቱ ፊት ሌላው ሁሉ ቆሟል። የተቀመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።”

አሮጊቷ ዘውዷን አዩ፣ ባቄላዋን አዩ፣ በረዶውን አዩ፣ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻ ራሳቸውን አዩ። መነጽሩ ቀስ እያለ ወረደ።

“ሃያ ዓመቴ ነበር” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። “በሟቹ ንጉሥ ጊዜ፣ ስፔናዊቷ ንግሥት ፊት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ‘ተቀመጪ’ አሉኝ። ባሌ ቆሟል፣ እናቴ ቆማለች፣ እኔ ተቀመጥኩ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ በርጩማዋ ወለሉ ላይ ቋ ቋ ቋ ትል ነበር። ሁሉም ሰው የሰማው መስሎኝ ነበር።” ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ የሃያ ዓመቷ ልጅ ምን ትመስል እንደነበር ታየኝ።

ከዚያ “ሲዶኒ!” ብለው ተጣሩ። ልጅቱ ልትቀጣ መስሏት ወጣች። “ዕቃሽን ፍቺ” አሏት። “ደግሞ ስሚ፤ ዛሬ ኬኩ ሲቆረስ ባቄላዋ ለሌላ ሰው ብትደርስ ይህ ሥዕል ዋሸ ማለት ነው። በዚህ ቤት ደግሞ የሚዋሽ ሥዕል አይሰቀልም።” ወደ መጋቢው ዞሩ። “ባቄላዋ ለማን እንደምትደርስ ገባህ?”

“ዕድል ናት እመቤቴ” አለ መጋቢው።

“አዎን፣ ዕድል ናት። ሳህኑን ግን አንተ ያዘው።”

እኔና አባትሽ ከአሽከሮቹ ጋር በር ላይ ቆመን አየን። ባቄላዋ ለሲዶኒ ወጣችላት፤ እንባዋ ኬኩ ላይ ተንጠባጠበ። ትልቋ ዱሼስም “በርጩማ አምጡልኝ!” ብለው ቀጥ ብለው ተቀመጡባት፤ ሌላው ሁሉ ቆመ። “ንግሥቲቱ ጠጡ!” ብሎ አዳራሹ ሲያስተጋባ ከሁሉ በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው። ከመውጣታችን በፊት ሁለት ወይዛዝርት አባትሽን ጥግ ይዘው ለእነሱም እንዲሥልላቸው ጠየቁት፤ አንደኛዋ “እኔንም በርጩማ ላይ” አለችው።

ስንመለስ በድልድዩ በኩል መጣን። ቅዱስ ኒኮላሶቹ ከተሰቀሉበት ሱቅ በር ላይ አባትሽ ቆሞ ጺሞቹን አየና፣ “ይሄ ጺም ነው? ጎመን ነው እንጂ!” አለ። ያኔ መዳኑን አወቅሁ። ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁ።

“ኢሌር” አልኩት በአንድ ትንፋሽ፣ “የላምበር ሥራ በጸደይ ያልቃል። አጋት መምጣት ትፈልጋለች። አንተ በአፍህ ካላልክ ግን አትመጣም።”

መንገዱን ቀጠለ። እኔም ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ፣ “ይኸው አበላሸሁት፣ አንድ ቀን ባድር ምን ነበረበት” እያልኩ ራሴን ረገምኩ። ደጃፋችን ስንደርስ ቁልፉን አወጣና ሳይከፍት ቆመ።

“ልጁ ስንት ጥርስ አወጣ?” አለ።

ስለ ፊርመን አንድ ቀን እንኳ ነግሬው አላውቅም። መውለድሽን ራሱ ፈርቼ ደብቄዋለሁ።

“ልጅ እንዳላት ማን ነገረህ?”

“ወለሉ ሳንቃ ነው” አለ። “አንቺ ደግሞ ታች ሆነሽ ደብዳቤ ስታነቢ እየጮኽሽ ነው፤ ደስ ያለሽን ቦታ ትደግሚዋለሽ። ‘ሁለት ጥርስ አወጣ’ የሚለውን እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ። ያ በመኸር ነው። አሁንስ?”

“እኔ እንጃ። ልጻፍና ልጠይቃታ?”

“ተይው” አለና ቁልፉን በሩ ውስጥ አዞረው። “ይምጡና እኔው እቆጥረዋለሁ።”

“እንጨት ጠራቢውም?”

“እሱም ጥርስ ካለው ይምጣ።”

እንግዲህ ልጄ፣ “ይምጡ” ብሏል። በራሱ አፍ ነው ያለው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ባሕሩ ከበረዶ ሲለቅ በመጀመሪያው መርከብ ተሳፈሩ። መርከቡ ላይ ልጁን ከእቅፍሽ እንዳታወርጂው። ቅድስት ጄኔቪዬቭ በመንገዳችሁ ትቅደም፤ እመቤታችን ማዕበሉን ታብርድላችሁ፤ የወጣችሁበትን ደጃፍ በሰላም ለመርገጥ ያብቃችሁ። ላምበርን ሳሚልኝ። ፊርመንን ሁለቱንም ጉንጩን፣ አንዱን ስለ እኔ፣ ሌላውን፣ አልላክሁም ቢልም፣ ስለ አባትሽ ሳሚልኝ።

ናፍቆትሽ ያስረጃት እናትሽ፣
ኤድሜ